የእርድ ቅመም ነቀርሳን ይገድላልን?



በየቁምስናው ሕሙማንን የሚጎበኙ ወንድሞችና እኅቶች ደጋግሞ የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ። «እርድ ነቀርሳን ይገድላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ከሆስፒታል የታዘዘልኝን ብርቱ መድኃኒት ትቼ እርዱን ብወስድ ምን አለበት?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቁት ሰዎች በነገሩ የሚጫወቱ አይደሉም። ሕክምናው ጠጉራቸውን ያረገፈባቸው፣ እህል ያስጠላቸው፣ ከሩቅ መጥተው በዘመድ ቤት ተጠግተው ተራ የሚጠብቁ ናቸው። ስለዚህም «የማይረባ ወሬ ነው» ብሎ ማሰናበት ፍቅርም እውነትም አይሆንም። ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለምና። በእርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ንጥረ ነገር የነቀርሳን ሕዋሳት እንደሚገድል በቤተ ሙከራ በእርግጥ ታይቷል። ይሁን እንጂ በዚያው ቤተ ሙከራ ሌላም ነገር ታይቷል፤ ይኸውም ለእርዱ የማይበገሩ ሕዋሳት መኖራቸው ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ምን እንደሆኑ፣ በሕመምተኛውም አልጋ አጠገብ ምን ያህል እንደሚረዱን በዚህ እትም እናጠናለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። «ነቀርሳ» የሚለው ስም በአገራችን ለሳንባ በሽታም ይሰጣል። እዚህ ግን በዚህ ስም የምንጠራው በተለምዶ ካንሰር የተባለውን በሽታ ነው።

በጓዳ ያለው ቢጫ ሥር

እርድን የማያውቅ የኢትዮጵያ ጓዳ ጥቂት ነው። አልጫ ወጥ ያን ደስ የሚያሰኝ መልኩን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ተክሉ የዝንጅብልና የኮረሪማ ወገን ሲሆን፣ ለቅመምነት የሚያገለግለው ክፍሉ በመሬት ውስጥ የሚያድገው እንደ ሥር ያለ ግንዱ ነው። ይህም ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይቀቀላል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይፈጫል። በአገራችን በደቡብ ምዕራብ፣ በተለይም በቴፒ አካባቢ ይመረታል። በዓለም ገበያ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘችው ግን ህንድ ናት፤ በዚያም እርድ ከጥንት ጀምሮ ለቁስል፣ ለሆድ ሕመም፣ ለሙሽሮችም ገላ መቀቢያ ሲያገለግል ኖሯል።

የቢጫው ቀለም ምንጭ ኩርኩሚን ይባላል። በ1815 ፎገልና ፔልቲዬ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከእርድ ለይተው አወጡት፤ የሞለኪውሉ አሠራር ግን እስከ 1910 ድረስ አልታወቀም ነበር። በተፈጨ እርድ ውስጥ ያለው የኩርኩሚን መጠን ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጸጥ ያለው ሞት

የሰው አካል ሕዋስ በሁለት መንገድ ሊሞት ይችላል። አንደኛው የድንገት ሞት ነው። እሳት ሲያቃጥለው፣ መርዝ ሲነካው ወይም ደም ሲቋረጥበት ሕዋሱ ያብጣል፤ ይፈነዳል፤ በውስጡ ያለውም ሁሉ በጎረቤቶቹ ላይ ይፈስሳል። አካባቢው ይቆጣል፤ ይቀላል፤ ያብጣል። ሁለተኛው ሞት ግን ጸጥ ያለና ሥርዓት ያለው ነው። ሕዋሱ ይኮማተራል፤ የዘር ጽሑፍ የሆነው ዲ ኤን ኤ በየልኩ ይቆራረጣል፤ አካሉም በስስ ሽፋን በተጠቀለሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይከፋፈላል። በዚህ ጊዜ በሽፋኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ጎረቤቶቹን «ውሰዱኝ» የሚል ዓይነት ምልክት ያወጣል፤ እነርሱም ይውጡታል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በዚያ ስፍራ ሕዋስ መሞቱ እንኳ አይታወቅም፤ ቁጣም ጠባሳም የለም።

ይህን ሁለተኛውን ሞት በ1972 በአንድ ጽሑፍ ለይተው የገለጹት ጆን ኬር፣ አንድሩ ዋይሊና አላስቴር ከሪ የተባሉ የሕክምና ሊቃውንት ናቸው። አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። ቃሉን የጠቆሟቸው በስኮትላንድ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር የነበሩት ጄምስ ኮርማክ ሲሆኑ፣ ትርጉሙ ቅጠል ከዛፍ መርገፉን ያመለክታል። ስሙ ተገቢ ነው። የሚረግፍ ቅጠል ዛፉን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ዛፉ በበጋ በሕይወት እንዲቆይ ይረዳዋል።

ይህ ሞት በእያንዳንዳችን ውስጥ ከእናታችን ማኅፀን ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። የጽንስ እጅ በመጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ያለ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ያሉት ሕዋሳት በሥርዓት ሲሞቱ ነው አምስቱ ጣቶች የሚለያዩት። የእንቁራሪት ግልገል ጅራትም በዚሁ መንገድ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ የተደረገው ቆጠራ ነው። ትሏ እስክታድግ ድረስ 1,090 የአካል ሕዋሳት ይፈጠሩባታል፤ ከእነርሱም ልክ 131 የሚሆኑት ሁልጊዜ በተወሰነላቸው ጊዜና ስፍራ ይሞታሉ። ይህን ሥራ የሠሩት ሲድኒ ብሬነር፣ ሮበርት ሆርቪትስና ጆን ሰልስተን በ2002 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ሞቱን የሚያዝዘው ማን ነው? ትእዛዙ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ከውጪ ይመጣል፤ የሰውነት ተከላካይ ሕዋስ የሌላውን ሕዋስ በር እንደሚያንኳኳ ያህል በሽፋኑ ላይ ያለውን ተቀባይ ይነካዋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከውስጥ ይነሣል፤ የዘር ጽሑፉ ሲበላሽ ፒ 53 የተባለው ጠባቂ ፕሮቲን ያስተውለዋል፤ ጉዳቱም የማይጠገን ከሆነ ሕዋሱ እንዲሞት ያደርጋል። የውስጡ ትእዛዝ የሚፈጸመው በሚቶኮንድሪያ ነው። እነዚህ ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን ክፍሎች ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ሳይቶክሮም ሲ የተባለ ፕሮቲን አለ። ዘወትር ሥራው ሕዋሱ ኦክስጅንን ተጠቅሞ ኃይል እንዲያገኝ መርዳት ነው። ነገር ግን በ1996 ሺያኦዶንግ ዋንግና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ እንዳሳዩት፣ ይኸው ፕሮቲን ከሚቶኮንድሪያ ወጥቶ ወደ ሕዋሱ ዋና ክፍል ከፈሰሰ ሞትን ይጠራል። በቤቱ ሳለ የሕይወት አገልጋይ የነበረው ከቤቱ ሲወጣ የሞት መልእክተኛ ይሆናል። የሚጠራቸውም ካስፔዝ የተባሉትን ኤንዛይሞች ነው። እነርሱ እንደ መቀስ ናቸው፤ ካስፔዝ 9 ካስፔዝ 3ን ያነቃል፣ ካስፔዝ 3 ደግሞ የሕዋሱን ፕሮቲኖች እየቆረጠ ያፈርሳል።

በሚቶኮንድሪያው በር ላይ ግን ጠባቂዎች አሉ። ባክስንና እርሱን የሚመስሉት በሩን ይከፍታሉ፤ ቢ ሲ ኤል 2ና ዘመዶቹ ይዘጋሉ። በ1988 ዴቪድ ቮ፣ ሱዛን ኮሪና ጄሪ አዳምስ በሜልቦርን ቢ ሲ ኤል 2ን ሲመረምሩ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። እስከዚያ ድረስ ነቀርሳን የሚያመጡ ጂኖች ሁሉ ሕዋስን የሚያባዙ ይመስሉ ነበር። ይህ ግን አያባዛም፤ መሞት የሚገባው ሕዋስ እንዳይሞት ብቻ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ዕባጭ የሚያድገው ልደት ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ሞትም ስለቀረ መሆኑ ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የነቀርሳን ሕዋስ በስብከት ላይ የራስ ወዳድነትና የዓመፅ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። ምሳሌው ቀላልና የሚያምር ይመስላል። ነገር ግን በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው ሕመምተኛ ይህን ሲሰማ በገዛ አካሉ ላይ ፍርድ የተነገረ ሊመስለው ይችላል። ሕዋስ ኃጢአት አይሠራም፤ የታመመውም ሰው የሕዋሱ መታወክ በደል ሆኖ አይቆጠርበትም። ምሳሌውን ብንተወው ይሻላል።

ኩርኩሚን በሕዋስ ውስጥ

አሁን ወደ እርዱ እንመለስ። በ1990ዎቹ ዓመታት በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች በብርጭቆ ሳህን ያሳደጓቸውን የነቀርሳ ሕዋሳት ኩርኩሚን ባለበት ፈሳሽ አቆዩአቸው። የደም፣ የአንጀት፣ የጡት፣ የቆዳም ነቀርሳ ሕዋሳት ነበሩ። ብዙዎቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሞቱ፤ አሟሟታቸውም የፍንዳታ ሳይሆን ከላይ የገለጽነው የቅጠል መርገፍ ነበር። ተኮማትረው፣ ዲ ኤን ኤያቸው በየልኩ ተቆራርጦ፣ በጥቃቅን ከረጢቶች ተከፋፍለው ተገኙ።

ኩርኩሚን ይህን የሚያደርገው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በ1995 የታተመ አንድ ጥናት ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን ፕሮቲን እንደሚያግድ አመለከተ። ይህ ፕሮቲን እንደ ደወል ያለ ነው፤ በሕዋሱ ላይ አደጋ ሲመጣ ወደ አስኳሉ ገብቶ ሕዋሱን በሕይወት የሚያቆዩ ጂኖች ሥራ እንዲጀምሩ ያደርጋል። በብዙ ነቀርሳዎች ይህ ደወል ሳያቋርጥ ይጮኻል። ኩርኩሚን ዝም ሲያሰኘው ቢ ሲ ኤል 2ን የመሰሉት ጠባቂዎች ያንሳሉ፤ ባክስ ይበረታል፤ የሚቶኮንድሪያው በር ይከፈታል፤ ሳይቶክሮም ሲ ይወጣል፤ ካስፔዞቹ ይነሣሉ። ከዚህም ሌላ ኩርኩሚን በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ውላጆች እንዲበዙ አድርጎ ሚቶኮንድሪያውን ይጎዳል።

የመጠኑ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። በእነዚህ ሙከራዎች የተለመደው የኩርኩሚን ልክ ከ10 እስከ 50 ማይክሮሞላር ነው። ይህን በቀላል አነጋገር ብንመልሰው፣ 20 ማይክሮሞላር ማለት በአንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 7 ሚሊግራም ያህል ኩርኩሚን ነው። ትንሽ ይመስላል። በብርጭቆ ሳህን ላይ ይህን ማድረግ ቀላል ሲሆን፣ በሰው ደም ውስጥ ምን እንደሚመስል ኋላ እናያለን።

የማይበገሩት

በደቡብ ህንድ የምትገኘው ኬረላ በሁለት ነገር የታወቀች ናት። ቅዱስ ቶማስ ሐዋርያ ወንጌልን እንደሰበከባት በትውፊት የሚነገርላት የጥንት ክርስቲያኖች አገር ናት፤ ደግሞም እርዷ በኩርኩሚን ብዛት ይመሰገናል። በዚያች ክፍለ አገር በቲሩቫናንታፑራም ከተማ በሚገኝ የባዮቴክኖሎጂ ማእከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2003ና በ2004 ጥያቄውን ከሌላ ወገን አነሡት። ኩርኩሚን የትኞቹን ሕዋሳት ይገድላል ከማለት ይልቅ፣ ያልሞቱት ለምን አልሞቱም ብለው ጠየቁ።

የሠሩባቸው የአንጀት ነቀርሳ ሕዋሳት ኤስ ደብልዩ 480 ይባላሉ። እነዚህ በ1970ዎቹ በአሜሪካ በቴክሳስ ከአንድ የ50 ዓመት ጎልማሳ ዕባጭ ተወስደው እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ እየተባዙ የሚኖሩ ናቸው። የሰውዬውን ስም አናውቀውም፤ ከሕመሙ ግን ስንቱ ተምሯል። ለሕሙማን ስንጸልይ እርሱንም ብናስበው ያስመሰግነናል።

ተመራማሪዎቹ ኩርኩሚኑን ከመጨመራቸው በፊት ሕዋሳቱን ለጥቂት ጊዜ ከፍ ባለ ሙቀት አቆዩአቸው። በዚህ ጊዜ የሞቱት ሕዋሳት አነሱ። ሙቀት ሊገድላቸው ሲገባ አበረታቸው ማለት ነው። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ መባቻ ፌሩቾ ሪቶሳ የተባለ ጣልያናዊ ሊቅ በፍሬ ዝንብ ሕዋሳት ላይ ሲሠራ፣ ሕዋሳቱ የሚቀመጡበትን ሣጥን ሙቀት አንድ ባልደረባው ሳያስበው ከፍ አድርጎት ነበር። ሪቶሳ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት በክሮሞዞሞቹ ላይ ከዚያ በፊት ያልነበሩ እብጠቶች አየ፤ ያን ጊዜ በሥራ ላይ ያልነበሩ ጂኖች ተነሥተው ነበር። ይህን በ1962 አሳተመ። እነዚያ ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ኋላ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች ተባሉ። ሥራቸው በሙቀት፣ በመርዝ ወይም በሌላ ጭንቀት ምክንያት ቅርጻቸውን ሊያጡ የደረሱ ሌሎች ፕሮቲኖችን ደግፎ ማቆም ነው። ትኩሳት ሲይዘን ሕዋሶቻችን የሚጸኑት በእነርሱ ጭምር ነው። ከእነርሱም አንዱና ዋነኛው በክብደቱ ምክንያት ቁጥር 70 ይባላል።

የኬረላ ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አዘጋጁ። በአንደኛው ውስጥ የፕሮቲን 70 ጂን ተጨምሮ ፕሮቲኑ በብዛት እንዲሠራ ተደረገ፤ በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ያው ጂን ዝም እንዲል ተደረገ። ከዚያም ለሁለቱም ኩርኩሚን ሰጡአቸው። ፕሮቲኑ የበዛላቸው ሕዋሳት ኩርኩሚኑን ተቋቋሙት፤ ካስፔዝ 9ና ካስፔዝ 3 እንደ ሌሎቹ አልበረቱም፣ ከሚቶኮንድሪያ የሚወጣውና ያለ ካስፔዝ ርዳታ አስኳሉን የሚያጠፋው ሌላው የሞት መልእክተኛም በከፊል ታገደ። ፕሮቲኑ የተነፈጋቸው ግን ከበፊቱ ይልቅ ለኩርኩሚን የተጋለጡ ሆኑ። እንግዲህ አንድ ፕሮቲን ሲጨመር ጋሻ ሆነ፤ ሲወሰድ ጋሻው ወደቀ። በሳይንስ ዘንድ እንዲህ በሁለቱም ወገን የተፈተነ ነገር ብርቱ ማስረጃ ነው።

ችግሩ ብዙ ዕባጮች ይህን ፕሮቲን ከጤነኛ ሕዋሳት ይልቅ አብዝተው መሥራታቸው ነው። በዕባጭ ውስጥ ያለ ሕዋስ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ምግብ ያጥረዋል፣ ፕሮቲኖቹም የተዛቡ ናቸው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትኩሳት እንደያዘው ሆኖ ይኖራል። ጋሻውን ገና መድኃኒት ሳይመጣበት ለብሶ ይጠብቃል። ጋሻውም አንድ ብቻ አይደለም። ቢ ሲ ኤል 2 የበዛባቸው የደም ነቀርሳ ሕዋሳት ለኩርኩሚን በቀላሉ እንደማይሞቱ ታይቷል። ሌሎች ሕዋሳት ካስፔዞችን የሚያስሩ ፕሮቲኖችን ያበዛሉ፤ ሌሎች ደግሞ ግሉታታዮን በተባለው ንጥረ ነገር አማካይነት የኦክስጅን ውላጆችን ያከሽፋሉ። አንድ ግራም በሚመዝን ዕባጭ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ገደማ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የበረታ ጋሻ አይጠፋቸውም። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲያጠፋ ስፍራውን የሚወርሱት እነዚያ ናቸው። ይህ በኩርኩሚን ብቻ ሳይሆን በሆስፒታል በሚሰጡት መድኃኒቶችም ላይ የሚደርስ ነው፤ ሐኪሞች ሁለትና ሦስት መድኃኒቶችን አጣምረው የሚሰጡበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ጥናት ፍሬ አልባ ሆኖ አልቀረም። የበሩን ጠባቂ ቢ ሲ ኤል 2ን ለይቶ የሚያስር ቬኔቶክላክስ የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ በ2016 በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ ተፈቅዷል። ከ1988ቱ ግኝት እስከዚያ ድረስ 28 ዓመታት አልፈዋል።

ከብርጭቆ ሳህን ወደ ሰው አካል

በሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ኩርኩሚን በቀጥታ ይፈስስበታል። በሰው ግን መጀመሪያ ይዋጣል። ኩርኩሚን በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ያም የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ለውጠው እንዲወገድ ያደርጉታል። በ2001 በታይዋን በታተመ ጥናት በቀን እስከ 8 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን የወሰዱ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ መጠን 2 ማይክሮሞላር እንኳ አልሞላም። በሳህን ላይ ሕዋሳትን ከገደለው መጠን ጋር ያስተያዩት። ከላይ በልባችሁ አኑሩ ያልነውንም ቁጥር አሁን እናውጣው፤ 8 ግራም ኩርኩሚን ለማግኘት በቀን ሩብ ኪሎ ያህል የተፈጨ እርድ መብላት ያስፈልጋል። በአልጫ ወጥ የሚደረስበት ነገር አይደለም። ከዚህም ጋር ኩርኩሚን ጽኑ አይደለም፤ በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በአካል ሙቀትና ከደም ጋር በሚቀራረብ የአሲድ ልክ ባለ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ከመቶ 90ው በግማሽ ሰዓት ይፈርሳል።

ቁንዶ በርበሬ ይረዳል የሚባለው እውነትነት አለው። በ1998 ይህን ያሳየው በህንድ በባንጋሎር የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁ የህንድ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ጉባኤ ተቋም መሆኑን ስንጠቅስ ደስ ይለናል። 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር ሲሰጥ በደም ውስጥ የተገኘው መጠን 20 እጥፍ ያህል ጨመረ። እጅግ የጥቂት 20 እጥፍ ግን አሁንም ጥቂት ነው።

በሕሙማን ላይ የተደረገውን እንመልከት። በ2008 በአሜሪካ በቴክሳስ የጣፊያ ነቀርሳ ያለባቸው ሰዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ወሰዱ። (እዚህ ጣፊያ ስንል የምግብ መፍጫ ፈሳሽና ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ቆሽት ማለታችን ነው፤ ስሞቹ በንግግር ይቀላቀላሉና።) ውጤታቸው ከተመዘነው 21 ሰዎች መካከል የአንዱ በሽታ ከ18 ወር በላይ ሳይባባስ ቆየ፤ የአንዱ ዕባጭ ለአጭር ጊዜ በብዙ ቀነሰና ተመልሶ አደገ። የቀሩትን አልረዳቸውም። ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ያስተምራል። በዘር የሚተላለፍና የትልቁ አንጀት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እብጠቶችን የሚያወጣ በሽታ አለ፤ እብጠቶቹ ካልተወገዱ ወደ ነቀርሳ ይለወጣሉ። በ2006 ኩርኩሚን ከሌላ የተክል ንጥረ ነገር ጋር የወሰዱ 5 ሕሙማን እብጠታቸው በቁጥርም በመጠንም ቀነሰ ተባለ፤ ብዙዎች ተደሰቱ። በ2018 ግን ያው ጥያቄ በ44 ሕሙማን ላይ በጥንቃቄ ተፈተነ። ገሚሶቹ ኩርኩሚን፣ ገሚሶቹ ምንም መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ለ12 ወራት ወሰዱ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕሙማኑም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ሲቆጠር በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

በ2017 የኬሚስትሪ ሊቃውንት ስለ ኩርኩሚን እስከዚያ የተደረገውን ሁሉ መርምረው ነበር። ከ120 በላይ ሙከራዎች በሰዎች ላይ መደረጋቸውን ቆጥረው፣ በምሥጢር ከተደረጉትና ባዶ እንክብል ካነጻጸሩት መካከል አንድም የተሳካ እንዳላገኙ ጻፉ። ኩርኩሚን ራሱ በብርሃን የሚያበራ፣ ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር የሚጣበቅ ነገር በመሆኑም የቤተ ሙከራ መለኪያዎችን እንደሚያሳስት አስጠነቀቁ። በመስኩ ስመ ጥር ከነበሩት አንዱ ተመራማሪ ያሳተሟቸው በርካታ ጽሑፎችም በሥዕሎቻቸው አጠራጣሪነት የተነሣ በመጽሔቶቹ ተሰርዘዋል። ይህን የምንጽፈው ለሐሜት ሳይሆን፣ «ሳይንስ አረጋገጠ» የሚለው ቃል ሲነገረን ማን፣ መቼ፣ በምን ላይ ብለን መጠየቅ ስለሚገባን ነው።

ለጠያቂው የሚሰጥ መልስ

መድኃኒቱን ትቶ እርዱን መውሰድን በተመለከተ መልሱ ግልጽ ነው። በ2018 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሊታከም የሚችል ነቀርሳ እያለባቸው የተለመደውን ሕክምና ትተው በሌላ መንገድ ብቻ የታከሙ 281 ሰዎችን መዝገብ ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሯል። የመሞት አደጋቸው በጠቅላላው ሁለት እጥፍ ተኩል፣ በጡት ነቀርሳ ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በእኛ አገር ነገሩ የከፋ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ብዙ ሕመምተኛ ሐኪም ፊት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከተራው ወጥቶ ሦስት ወር በእርድ የሚቆይ ሰው የሚያጣው የማይመለስ ጊዜ ነው።

«ሁለቱንም አብሬ ብወስድስ?» ለሚለው ደግሞ ብዙዎች ያልሰሙት መልስ አለ። በ2002 በታተመ ጥናት፣ በቤተ ሙከራ ያሉ የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት ከኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ጋር ኩርኩሚን ሲሰጣቸው ከመሞት ይልቅ ብዙዎቹ ተረፉ፤ ኩርኩሚን መድኃኒቶቹ የሚጠሩትን ሞት አገደው። የሰው የጡት ዕባጭ የተተከለባቸው አይጦችም ኩርኩሚን ያለበት መኖ ሲመገቡ መድኃኒቱ እንደሚገባው አልሠራላቸውም። ብቻውን ሲሆን ሞትን የሚጠራው ንጥረ ነገር ከሌላው ጋር ሲሆን ሞትን ሊከለክል ይችላል ማለት ነው። ይህ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ይደርሳል አንልም፤ ሐኪሙ ሳያውቅ መሞከር ግን በሕይወት ላይ ዕጣ መጣል ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪሙንና ከምድር የሚገኘውን መድኃኒት በአንድነት ያነሣል፤ አንዱን በሌላው ላይ አያስነሣም። ቤተ ክርስቲያንም ዕፀዋትን አትንቅም። በሆስፒታል ከሚሰጡት መካከል ቪንክሪስቲን ከአንድ የማዳጋስካር አበባ፣ ታክሶል ከአንድ የአሜሪካ ዛፍ ልጥ የተገኙ ናቸው። ልዩነቱ በልክ ተመዝነው፣ በሰው ላይ ተፈትነው፣ ጉዳታቸውም ታውቆ መሰጠታቸው ነው። ምሥጢረ ቀንዲል ለመቀበል ካህን የሚጠራ ሕመምተኛ የሐኪም ቀጠሮውን እንደማይተው ሁሉ፣ ሁለቱን ተቃራኒዎች አድርገን ልናቀርብለት አይገባም።

በወጥ ውስጥ ያለው እርድ ለሚጨነቅ ሰው፣ ሐኪሙ ካልከለከለው በቀር አልጫውን በሰላም ይብላ። ጥንቃቄ የሚያሻው በጠርሙስ የሚሸጠው እንክብል ነው። በተለይ ከቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር የተዘጋጀው በጣልያንና በአሜሪካ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጉበት ሕመም እንዳስከተለ ተመዝግቧል፤ የሐሞት ጠጠር ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከውጪ አገር ዘመድ የላከው እንክብል ካለም ከነጠርሙሱ ይዞ መሄድ ነው፤ ስሙን በቃል ከመናገር ሐኪሙ ጽሑፉን ቢያነብበው ይሻላል። ለጓዳም አንድ ምክር እናክል። በባንግላዴሽ አንዳንድ ነጋዴዎች እርዱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ይቀቡት እንደነበር በ2019 የታተመ ጥናት ገልጧል፤ የአገሩም መንግሥት በዚያው ዓመት እርምጃ ወስዷል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ እመቤቶች ከሚያምኑት ሰው ያልተፈጨውን ደረቅ እርድ ገዝተው፣ አጥበውና አድርቀው በቤታቸው ቢያስፈጩት መልካም ነው፤ ሲሰበር ከውጪው ይልቅ ውስጡ ደመቅ ያለ ሆኖ ካገኙትም ቀለም ላለመቀባቱ አንድ ምልክት ይሆናቸዋል።